ሁሉም የሰሙት ሳይረን

ማክሰኞ፣ ማርች 4

ዛሬም ድንች። ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት። አክስቴ ዴሊና አጠገቤ ቆማ ልጣጩን አንስታ አየችውና፣ ዩኒቨርሲቲ የበጠሰ ሰው ድንች በቀጭኑ መላጥ እንዴት ያቅተዋል አለች። መቀለዷ ነው። አልሳቅኩላትም። ሚላኖ ድረስ ሄጄ ስለ ድንጋይና ስለ ውሃ ተምሬ፣ ተመልሼ የዚህ ሸለቆ አስጎብኚ ሆኜ፣ አሁን ደግሞ የአክስቴ ማረፊያ ቤት ወጥ ቤት... ይቅር።

በረዶው ገና ነው። አውቶቡስ ከድልድዩ አያልፍም። በመስኮቱ የሚታየኝ ያው ነው። በግራ ተራራ፣ በቀኝ ተራራ፣ ከላይ ግድቡ፣ ከግድቡ ሥር ደረቅ ገደል። ትልቁ ፏፏቴ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ጥቁር ድንጋይ ብቻ። ኩባንያው ውሃውን ቆልፎበታል። በዓመት ጥቂት እሁዶች ይለቀዋል፣ ሰው ከየከተማው ጫማውን አስሮ ሊያየው ይወጣል፣ ማታ መልሰው ይዘጉታል።

ሳህን ሳነሳ አንድ ደንበኛ ፊቴን ትክ ብሎ አየኝ። አስጎብኚዋ አንቺ ነሽ አይደል? የዚያች ሴትዮ እግር... ሚስቱ ከጠረጴዛው ሥር ረገጠችው። ወደ ሳህኑ ዞረ።

እሁድ፣ ማርች 9

ጠበቃ ሁሉ ጽፎታል፣ ፖሊስ ጽፎታል፣ ጋዜጣ ጽፎታል። እኔ ብቻ ለራሴ አልጻፍኩትም። አንዴ በትክክል ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያለፈው ሴፕቴምበር ነው። ቡድኔን ይዤ ሸለቆው ውስጥ ነበርኩ፣ ትልቁ ፏፏቴ ከሚያርፍበት ድንጋይ ሥር። የተፈቀደ ነው። ሁሉም አስጎብኚ ያደርገዋል። ውሃው የሚለቀቅበትን ሰዓት ማንም ቀድሞ አያውቅም፤ ኩባንያው ከከተማ ደውሎ ሲያዝ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ የእኛ ሰዓት ሳይረኑ ነው። መጀመሪያ አንዴ ይጮኻል። ከሸለቆው ውጡ ማለት ነው፤ አሮጊትም ብትሆን ቀስ ብላ ለመውጣት የሚበቃት ጊዜ አለ። በሩ ሲከፈት ደግሞ እንደገና ይጮኻል፣ ውሃው ታች እስኪደርስ አያቋርጥም። እዚህ ያደገ ልጅ መራመድ ሲጀምር የሚማረው ነገር ነው።

በዚያ ቀን ምንም አልጮኸም። የሰማሁት ውሃውን ራሱን ነው።

ሲልቫና የምትባል ከቶሪኖ የመጣች ጡረተኛ አስተማሪ የጫማዋን ክር ልታስር ጎንበስ ብላ ነበር። የቦርሳዋን ማንገቻ ይዤ ጎተትኳት። እግሯ ሁለት ድንጋዮች መሃል ቀረ። የተሰበረበት ድምፅ ከውሃው ድምፅ በላይ ተሰማኝ... ወይስ አሁን ነው የሚመስለኝ?

ለምን እንዳልጮኸ አውቃለሁ። መንደሩ በሙሉ ያውቃል። ኩባንያው ለእንግዶቹ ሲል ውሃውን የሚለቅበትን ቀን ስላዛወረው የሲኞራ ፒየራ ላሞች ከላይኛው ግጦሽ ከሚወርዱበት ቀን ጋር ገጠመ። የመንደሩ ትልቁ ቀን ነው። ላሞቹ ጭንቅላታቸው ላይ አበባ ታስሮ፣ ትልልቁን ቃጭል አንጠልጥለው በሰልፍ ይወርዳሉ። ሳይረን ከሰሙ ግን ይበረግጋሉ። ፒየራ ወደ ግድቡ ላከች። ላሞቼ ድልድዩን እስኪሻገሩ ሳይረኑን ያዝልኝ ብላ። የግድቡ ጠባቂ ያዘላት፣ ጎረቤት ለጎረቤት። ኩባንያው ደውሎ ክፈት ሲለው ግን ከፈተ። ሳይረኑን እንደያዘው።

ፖሊስ መጥቶ ሲጠይቅ ዳቦ ጋጋሪው ሳይረኑን ሰማሁ አለ። ቄሱ ዶን ፊርሞ ሰማሁ አሉ። ፒየራ ሁለቴ ሰማሁ አለች። የእኔ ቡድን አልሰማንም ቢል የኩባንያው ጠበቃ ወንዝ አጠገብ ቆሞ የሰማ ማን አለ አለ። አስጎብኚዋ ግን መስማት ነበረባት ተባለ። የአስጎብኚነት ፈቃዴን ቀሙኝ።

የግድቡ ጠባቂ አጎቴ ሴቨሪኖ ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ። እሱም ነፋሁት አለ።

ጻፍኩት። አልወጣልኝም።

ሐሙስ፣ ማርች 20

ከምሳ በኋላ ጠፍቼ ወጣሁ። ታችኛው ፏፏቴ ድረስ። እሱ የተፈጥሮ ነው፣ ማንም አይቆልፈውም፣ ብርዱ ካልሆነ በቀር። ግማሹ አሁንም በረዶ ነው፤ ከውስጥ ውሃው ሲሄድ ይታያል፣ በመስታወት ጀርባ እንደሚያልፍ ሰው። ጫማዬ ላይ በረዶ የሚቆነጥጠውን የብረት ጥርስ አስሬ ውሃው እስከሚያርፍበት ገንዳ ድረስ ወረድኩ። ከማዶ ሁለት ዋልያ መሳይ የተራራ ፍየሎች ገደሉ ላይ ቆመው ያዩኛል። ማንም ምንም አልጠየቀኝም። እንዴት ደስ ይላል።

ስመለስ ሁለት ወንድና አንዲት ሴት መንገድ ጠፍቷቸው አገኘኋቸው። ድንጋዩ ላይ የተቀባው ቀይና ነጭ ምልክት በበረዶ ተሸፍኗል። ተከተሉኝ አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?

መታጠፊያው ላይ የጥብቁ የተፈጥሮ ክልል ዘበኛ ኤቶሬ ቆሟል። አብረን ነው የተማርነው። መሬት መሬት እያየ፣ "ኦርሶላ፣ ከአንድ ሰው በላይ ከተከተለሽ ማስጎብኘት ነው" አለኝ።

"ትቻቸው ልሂድ?"

"አይ... ከፊት አትሁኚ። ከኋላ ሁኚ።"

እና ከኋላ ሆንኩ። መንገዱን የማያውቁት ሦስቱ ከፊት፣ የማውቀው እኔ ከኋላ፣ ኤቶሬ ከጎን፣ መንታ መንገድ በመጣ ቁጥር ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ እያልኩ። ሴትየዋ ጨዋታ መስሏት ትስቃለች።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 1

ዝናብ። አውቶቡሱ ድልድዩን አለፈ። ልሳፈር እችል ነበር... ብሄድ ግን አጥፍታ ሸሸች ነው የሚሉት። መቅረቴ እልህ ነው። እልህ ብቻ ነው?

እሁድ፣ ኤፕሪል 20

ፋሲካ። የጠቦት ጥብስ፣ ፖሌንታ የምንለው የበቆሎ ገንፎ፣ አጎቴ ከላይ ያመጣው ፎርማጆ አይብ። ጸጉሩን አበጥሮ፣ ኮቱን ለብሶ መጣ። አብረን ከበላን ወራት ሆኖናል። አክስቴ ዴሊና እህቱ ናት፣ በግድ ነው ያስቀመጠችን።

ከምሳው በኋላ ወረቀት ከኮቱ ኪስ አወጣ። የፈቃድ ኮሚቴው የሚቀበለው ቃል ነው አለ። ሳይረኑን ሰምቼ ለመውጣት ዘገየሁ ብዬ ከፈረምኩ ተግሣጽ ብቻ ተጽፎብኝ በጁላይ ወደ ሥራዬ እመለሳለሁ። ካልፈረምኩ ፈቃዱ ለዘለዓለም ቀረ። ከሰዎች ጋር ተነጋግሮልኛል። እንዴት ደግ ሰው ነው።

"አንድ መስመር ናት፣ ኦርሲ። የሚያስታውሰው የለም።"

"አንተ ታስታውሳለህ?"

አክስቴ ሳህን ማንሳት ጀመረች። እኔ ከእጇ ቀምቼ አስቀመጥኩት። ትስማ።

"ቤቱ የኩባንያው ነው፤ ከግድቡ ካባረሩኝ የት ነው የምወድቀው?" አለኝ። "ሠላሳ ዓመት አንድ ስህተት የለብኝም። አንቺ ግን ገና ወጣት ነሽ። የፈለግሽበት ትሄጃለሽ።"

ወረቀቱን አጥፌ ከፎርማጆው ሳህን ሥር አደረግሁትና ተነሳሁ። ወዴት እንደምሄድ ግን አላወቅሁም። ወጥ ቤት ገባሁ፣ ሌላ የት አለኝ?

ሰኞ፣ ኤፕሪል 21

ወረቀቱ አልጋዬ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ከጎኑ እስክሪብቶ። አክስቴ ናት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ቆሜ ነው የምጽፈው።

አንድ ሰው ለሴፕቴምበር ክፍል ሊይዝ ደወለ። ቀኑን ላይ ብዬ ግድግዳው ላይ ያለውን ካላንደር ገለጥኩ። የወተት ማኅበሩ በየዓመቱ አሳትሞ ለየቤቱ የሚያድለው ነው። በየወሩ ላይ ፎቶ አለው፤ ሁልጊዜ ላም ነው፣ አይቼው አላውቅም። ዘንድሮ የሴፕቴምበሩ የፒየራ ላሞች ናቸው። ያለፈው ዓመት አወራረዳቸው። ኩራታቸው።

ከፊት ኮንቴሳ፣ የመንጋው መሪ፣ ትልቁን ቃጭል አንጠልጥላ። አበባዋ አልተነካም። ካሜራውን ቀጥ ብላ ታያለች፣ ፎቶ እንደምትነሳ ያወቀች ይመስል። ከኋላዋ ሌሎቹ ተሰልፈው ድልድዩ ላይ። ሙዚቀኛው አኮርዲዮኑን እንደያዘ።

ከእነሱ በስተጀርባ፣ ከላይ፣ ገደሉ ላይ... ውሃው። ነጩ ጫፉ ገና ገደሉን እያጋመሰ። ታች አልደረሰም!

ውሃው ታች እስኪደርስ ሳይረኑ አያቋርጥም። ሁለቴ ሰማን ካሉ ይህ ፎቶ ሲነሳ ሸለቆው በሙሉ እየጮኸ ነበር ማለት ነው። ኮንቴሳ ደግሞ እዚያ ቆማ ፎቶ እየተነሳች።

በየቤቱ ሰቀሉት። ዶን ፊርሞ የቤተ ክርስቲያኑ ቢሮ ውስጥ ሰቀሉት። ፒየራ ምናልባት በክፈፍ አድርጋ መኝታ ቤቷ ሰቅላዋለች። ከመካከላቸው አንድ ሰው እንኳ አላየውም። እነሱ የሚያዩት ላሞቹን ብቻ ነው።

ሰውዬው በስልኩ ሄሎ፣ ሄሎ ይላል። ክፍል የለም ብዬ ዘጋሁት።

ሐሙስ፣ ሜይ 8

ሚላኖ አብራኝ የነበረችው ካሚላ አሁን ጠበቃ ናት። ፎቶውን ላኩላት። ደወለች። መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። ጥሩ ነው ግን አይበቃም አለች። የኩባንያው ሰዎች ላሞቹ ድምፁን ለምደውታል ይላሉ። ለምደውታል ወይስ ይበረግጋሉ ብሎ የሚመሰክረው ማነው? የመንደሩ ሰው። የመንደሩ ሰው ደግሞ ሰማን ያለው ራሱ ነው።

"አንድ ሰው አፉን እንዲከፍት ያስፈልግሻል" አለች። "አንድ ብቻ።"

እዚህ አገር? አንድ ሰው?

እሁድ፣ ሜይ 18

ወደ ግድቡ ወጣሁ። በሦስቱ ፏፏቴዎች መንገድ፤ ድፍን ጠዋት ይፈጃል፣ መሮጥ ብችል እሮጥ ነበር። ታችኛው ሞልቶ ይገነፍላል፣ የመቅለጫው ወቅት ነው። መካከለኛውን ስሻገር ጉልበቴ ድረስ ረጠብኩ። ከዚያ በላይ ጥዱ ያልቅና ድንጋዩ ይጀምራል። ትልቁ ጋ ስደርስ ዝም አለ። ሌሎቹ እየጮሁ እሱ ብቻ ዝም። ሲልቫና የወደቀችበትን ድንጋይ ነካሁት። ደረቅ ነው፣ ፀሐይ አሙቆታል። ከዚያ ወደ ላይ ሳየው... ግድቡ ከታች አፍ የሌለው ፊት ይመስላል።

አጎቴ በረንዳው ላይ ጫማ ይቀባል። ሳየው አዘንኩለት። ያንን ነው የምጠላው፣ ማዘኔን። ከወተት ማኅበሩ ካመጣሁት ሌላ ካላንደር የቀደድኩትን ገጽ ከፊቱ አስቀመጥኩ። መነጽሩን አደረገ። ለረጅም ጊዜ አየው። ኮንቴሳን ሳይሆን ውሃውን እንዳየ አወቅሁ፤ እሱ ውሃ ነው የሚያየው።

"በየቤቱ ተሰቅሏል" አልኩት። "ብትቀድደው አያልቅም።"

"ከዚህ ላይ ሆኖ ሸለቆው ውስጥ ሰው አይታይም፣ ኦርሲ። ማንም የለም ብዬ ነው።"

"ለዚህ ነዋ ሳይረን የተሠራው።"

ከታች ሆኖ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አያውቅም። በሚለቀቅበት ቀን ሁልጊዜ እጁ መክፈቻው ላይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ያን ፏፏቴ ሲለቅ፣ ከታች ቆሞ አይቶት አያውቅም። ይህን ሲናገር እንደ ሕፃን አፈረ።

ወረቀቱን አልፈርምም አልኩት። ይህን ፎቶ ይዤ ኮሚቴው ፊት እቆማለሁ፣ ቢያምኑኝም ባያምኑኝም። አንተ ግን እስከዚያ ጊዜ አለህ። ጫማውን መቀባት ቀጠለ፣ የተቀባውን መልሶ።

ገጹን እዚያው ትቼለት ቁልቁል ስወርድ አለቀስኩ። ከንዴት ነው። ከንዴት ነው ብያለሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 3

ኮሚቴው ጁን 15 ይመጣል። የዓመቱ የመጀመሪያ ውሃ የሚለቀቅበት እሁድ ነው። ከድልድዩ ላይ ቆመው ሳይረኑ እንዴት እንደሚሰማ ሊያዳምጡ፤ ከዚያ የእኔን ነገር ይወስናሉ። ሸለቆው በዚያ ቀን ሰው አይገባበትም፣ ኤቶሬ በገመድ ይዘጋዋል።

ዛሬ ምሳ ላይ ወሬው ሌላ ሆነ። ጁን 15 የቅዱስ ቪቶ ቀን ነው። ፒየራ ላሞቿን ወደ ላይኛው ግጦሽ የምታወጣበት። አባቷም በዚያ ቀን ነበር የሚያወጣው፣ አያቷም። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ቀን ብታሳልፊው ምን አለበት፣ ከከተማ ሰው እየመጣ ነው አላት።

"ሣሩን አንተ ንገረዋ" አለችው። "ኮሚቴ ስላለ አንድ ቀን እንዲጠብቅ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ ሳይረኑስ?"

"ሴቨሪኖ እስካልፍ ይይዝልኛል። መቼ እምቢ ብሎኝ ያውቃል?"

ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ሾርባውን ቀጠለ። እኔ ሳህን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ፣ አንድ ሰው ቀና ብሎ አላየኝም። እንደገና ሊያደርጉት ነው። ኮሚቴው ቆሞ እያየ፣ በዓመት ውስጥ ለሁለተኛ ጊዜ፣ በጨዋነት! ክፋት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ክፉ ሰው ይጠላል። እነዚህን ምን ላድርጋቸው? ላሞቹ ይለፉ፣ ሳይረኑ ይዘግይ፣ ኮሚቴው ቡና ይጠጣ። ማን ተጎዳ?

ቅዳሜ፣ ጁን 14

አጎቴ አልወረደም። ስልክም አያነሳም። ፒየራ መልእክቷን ልካለች፣ እሺም እምቢም አላለም አሉ።

አክስቴ ማታ ራት ሳትበላ ተቀምጣ፣ ወንድሜ ነው አለች። ብቻውን ነው እዚያ ላይ። እኔስ ብቻዬን አይደለሁም? አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ያልጠበቅሁትን አደረገች። ካላንደሩን ከምስማሩ አወረደችና የሴፕቴምበሩን ገጽ ቀደደች። ልታጠፋው ነው ብዬ ደነገጥኩ። እጄ ላይ አስቀመጠችው።

"ያንቺኛውን እዚያ ላይ ትተሽለታል" አለች። "ይህን ያዢ።"

እሁድ፣ ጁን 15

በቅደም ተከተል። ሳይጠፋኝ።

ጠዋት አየሩ ጠርቷል። ድልድዩ ላይ ሰው በሰው ሆኗል፣ ግማሹ ከከተማ የመጣ፣ ዱላና ቦርሳ የያዘ። ኮሚቴው ሦስት ሰው ነው። ሊቀመንበሯ ግራጫ ጸጉር ያላት፣ የተራራ ጫማ ያደረገች ሴት ናት። ጫማው አሮጌ ነው፤ በዚያ ወደድኳት። የኩባንያው ጠበቃ ነጭ ጫማ ነው ያደረገው።

ከዚያ ከታች ቃጭሉ ተሰማ። ፒየራ ከፊት፣ ኮንቴሳ ከኋላዋ፣ መንጋው በሙሉ። ጠበቃው ሰዓቱን አየ። ሳይረኑ በቅርቡ ይነፋል፣ ከብቶቹ ካለፉ በኋላ አለ ለሊቀመንበሯ፣ ፈገግ ብሎ። ስለዚህ እሱም ያውቃል። እሱም!

ወደ ላይ አየሁ። ግድቡ ላይ ምንም አይታይም። ኮንቴሳ ድልድዩን ረገጠች። ይይዛል ብዬ አሰብኩ። ሠላሳ ዓመት እምቢ ብሏት የማያውቅ ሰው ዛሬም ይይዛል። ገጹ ኪሴ ውስጥ በላብ ረጥቧል።

ጮኸ።

ሳይረኑ ጮኸ። እንዲህ ይጮህ እንደነበር ረስቼው ነበር፤ ጥርስ ውስጥ ነው የሚሰማው።

ኮንቴሳ ባለችበት ቆመች። ከዚያ ዞረች። ከኋላዋ ያሉት ግን ገና አልዞሩም። የሆነውን በትክክል መጻፍ አልችልም። አንዷ ላም የመቃብሩን አጥር ዘለለች። ሁለቱ የአክስቴ ባቄላ ውስጥ ገቡ። አንዷ የማረፊያ ቤቱ በረንዳ ላይ ወጥታ የጠረጴዛ ልብስ በቀንዷ ይዛ ወረደች። ጠበቃው ከድልድዩ ግንብ ላይ ወጥቶ ቆመ። የከተማ ሰዎች ይጮኻሉ፣ የመንደር ሰዎች ይሮጣሉ። ዶን ፊርሞ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጥጃ ያሳድዳሉ። ሳይረኑ አያቋርጥም። የመጀመሪያው አጭር መሆን ነበረበት። አያቋርጥም።

ፒየራ ዱላዋን ወደ ግድቡ ዘርግታ ሴቨሪኖን በአባቱም በእናቱም ስትሰድብ ቆየችና ድምፁ ሲቆም የእሷ ብቻ ቀረ። ሊቀመንበሯ ጠጋ አለቻት።

"ሲኞራ፣ ከብቶቹ ዛሬ ምን ነካቸው?"

"ዛሬ? ይህን ጡሩምባ በሰሙ ቁጥር ነው እንጂ! ላም ናቸው፣ ምን ያድርጉ፣ ይጨፍሩ? ለዚህ አይደል እንዴ ሁልጊዜ ያዝልኝ እያልኩ የምል..."

ቆመች። ዙሪያዋን አየች። ዳቦ ጋጋሪው ላም በቀንዷ ይዞ ባለበት ደርቆ ቀርቷል።

ገጹን ከኪሴ አወጣሁና ዘረጋሁት። ጮክ ብዬ ልናገር ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር፤ የብርዱን ወራት በሙሉ ድንች እየላጥኩ ያጠናሁት። አንዱም አልመጣልኝም።

"እዚህ ላይስ፣ ሲኞራ ፒየራ?"

ወሰደችው። ሻሿን ከግንባሯ ገፋ አድርጋ አየችው። ሊቀመንበሯም በትከሻዋ በኩል አየች፤ ጣቷን አንስታ ገደሉ ላይ፣ ውሃው ላይ አሳረፈች።

"ይህን ፎቶ በጣም ነበር የምወደው" አለች ፒየራ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ላሟ እያየች፣ "አልጮኸም። እኔ ነኝ ያዝልኝ ያልኩት። እናንተም አልሰማችሁም፣ አንዳችሁም" አለች።

ከላይ ሳይረኑ እንደገና ጀመረ፣ ሁለተኛው። ውሃው ወረደ። ታች ደርሶ እንኳ ለረጅም ጊዜ አላቆመም።

ሰኞ፣ ጁን 16

ከባቄላው ምንም አልተረፈም። አክስቴ የተረገጠውን ስትሰበስብ ዋለች።

ዓርብ፣ ጁን 27

ፈቃዴ ተመለሰ። ሲልቫና ከቶሪኖ ደወለች፣ በምርኩዝ መራመድ ጀምራለች። ሊቀመንበሯ ነግራታለች። ያን ቀን የቦርሳዬን ማንገቻ ባትይዢ ኖሮ አለችና አልጨረሰችውም።

አጎቴ ቤቱን ለቀቀ። ዕቃውን በሦስት ዙር አወረድንለት። ኤቶሬ፣ ዳቦ ጋጋሪውና እኔ። አሁን የማረፊያ ቤቱ ጓዳ አጠገብ ያለችው ክፍል ውስጥ ነው፣ ድንች ይልጣል። በጣም በቀጭኑ። አክስቴ እያሞገሰችው ነው፣ እኔ እንድሰማ።

ይቅርታ አላለኝም። እኔም አመሰግናለሁ አላልኩትም። መሰላል ተሸክመን ስንወርድ ብቻ፣ መካከለኛው ፏፏቴ ጋ ስንደርስ፣ "ተጠንቀቂ፣ ድንጋዩ ያዳልጣል" አለኝ። ያን መንገድ ለእኔ!

እሁድ፣ ጁላይ 13

ዛሬ የመጀመሪያ ቡድኔ። ከፊት ሄድኩ።

አጎቴ ጠዋት ጫማውን ቀብቶ ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ልምጣ ወይ አላለም። ና አላልኩም። ስንነሳ ከኋላ ተከተለ፣ ከሁሉም ኋላ። ታችኛው ጋ አረፍን። መካከለኛው ጋ አንዲት ልጅ ውሃው ለምን አረንጓዴ ሆነ ብላ ጠየቀችኝና ስለ ድንጋዩ ነገርኳት፤ እየነገርኳት የራሴን ድምፅ ሰማሁት። ናፍቆኝ ነበር።

ከዚያ ሸለቆው፣ ከትልቁ ሥር። ደረቅ። ሰዎቹ ፎቶ ያነሳሉ። አጎቴ ድንጋዩ ላይ ቆሞ፣ ኮፍያውን አውልቆ ወደ ላይ ግድቡን ያያል። ምን እንደታየው አልጠየቅሁትም።

ሳይረኑ ጮኸ። አሁን የሚነፋው ከሌላ ሸለቆ የመጣ ልጅ ነው፣ ፒየራን አያውቃትም። እንነሳ አልኩ። ሁሉም ቦርሳውን አነሳ። አጎቴ አልተንቀሳቀሰም።

"ከታች እንዲህ ነው የሚሰማው?" አለኝ።

"እንዲህ ነው።"

"ጥርት ብሎ ይሰማል እኮ።"

"አዎ። ሲነፋ ይሰማል።"

ፊቱን በኮፍያው ጠረገ። ቡድኑ መንገዱ ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው። ጊዜ አለን፣ ሽማግሌ ሰው ቀስ ብሎ ለመውጣት የሚበቃው ጊዜ።

"አጎቴ፣ ና" አልኩት። "ከፊቴ ሂድ።"